ለክፉ ቀን የምትያዝ የኪስ ቆርቆሮ

የክፉ ቀን ቆርቆሮ መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ ክዳን ያላት ትንሽ ሳጥን ናት። ውስጧ እሳት ማስነሻ፣ ውሃ ማከሚያ፣ ስለት፣ መርፌና ክር፣ ፊሽካ፣ ጥቂትም መድኃኒት ይታጨቅባታል። ሥራዋ አንድ ነው። ሰው ጫካ ወይም ተራራ ላይ መንገድ ስቶ፣ ሻንጣውም ከእጁ ወጥቶ፣ ከለበሰው ልብስ በቀር ምንም ሳይኖረው ሲቀር፣ ፈላጊ እስኪደርስለት ነፍሱን ታቆይለታለች። ተራራ የሚወጡ፣ በጀልባ የሚሄዱ፣ አደን የሚወዱ ሰዎች ይይዟታል። ወታደሮችም ይይዟታል።

የዚህች ቆርቆሮ ትልቁ ጉልበቷ ትንሽነቷ ነው። ትልቅ የድንገተኛ ጊዜ ቦርሳ ብዙ ነገር ይይዛል፤ ግን ይከብዳል፣ መኪና ውስጥ ይረሳል፣ እረፍት ላይ ከትከሻ ይወርዳል፣ ወንዝ ሲሻገሩ ውሃ ይወስደዋል። ሰው የሚጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ «እዚህች ጋ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ቦርሳውን ባስቀመጠበት ሰዓት ነው። ኪስ ውስጥ ያለች ቆርቆሮ ግን ባለቤቷ የሄደበት ሁሉ ትሄዳለች። ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ የተቀመጠች ቆርቆሮ፣ ምንም ያህል ብትሟላ፣ ቆርቆሮነቷ ቀርቷል ባይ ነኝ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ኤም አይ 9 የሚባል ድብቅ መሥሪያ ቤት ነበራቸው። ሥራው ጠላት ምድር ላይ የወደቁ አብራሪዎችና የተማረኩ ወታደሮች አምልጠው እንዲመለሱ መርዳት ነበር። እዚያ ይሠራ የነበረው ክሪስቶፈር ክሌይተን ሃተን ለአብራሪዎች የማምለጫ ሳጥን ሲያዘጋጅ፣ መጀመሪያ የተጠቀመው 50 ሲጋራ የሚይዝ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ነው። ውስጡ የብቅል ወተት እንክብል፣ ቸኮሌት፣ እንቅልፍ ማባረሪያ ኪኒን፣ ውሃ ማከሚያ፣ የጎማ ውሃ መያዣ፣ ምላጭ፣ መርፌና ክር፣ የዓሣ መንጠቆ ነበረበት። የዛሬዋ ቆርቆሮ ከዚያ ብዙም አልራቀችም። ዛሬ በብዛት የሚመረጠው የትንባሆ ወይም የሚንት ከረሜላ ቆርቆሮ ነው። አልቶይድስ የሚባለው ከረሜላ የሚሸጥበት ቆርቆሮ ርዝመቱ 9.5 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 6፣ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ይገባል።

ቦታው ይህን ያህል ጠባብ ከሆነ ምን ይግባ? ለምርጫው የሚያግዝ የቆየ አባባል አለ። ሰው ያለ አየር 3 ደቂቃ፣ በከባድ ብርድ ያለ መጠለያ 3 ሰዓት፣ ያለ ውሃ 3 ቀን፣ ያለ ምግብ 3 ሳምንት ይቆያል ይላል። ቁጥሩ ግምት ነው፤ እንደ ሰዉና እንደ አየሩ ይለያያል። ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል ነው። ቶሎ የሚገድለው ብርድ ነው፤ ቀጥሎ ጥም ይመጣል። ረሃብ መጨረሻ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ገልብጠው ቆርቆሮዋን በመንጠቆና በወጥመድ ሽቦ ይሞሏታል። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሌሊቱን በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዓሣ አይደለም።

ከእሳት እንጀምር። ክብሪት ቀላልና የታወቀ ነው፤ ራሱን ሻማ ውስጥ ነክሮ ማድረቅ ከእርጥበት ይጠብቀዋል። ተራው ክብሪት ግን የሚለኮሰው በራሱ መጫሪያ ላይ ብቻ ነው። ክብሪቱን አሳምሮ አሽጎ መጫሪያውን ቤት የረሳ ሰው ባዶ እጁን ነው። ትንሽ ላይተርም ጥሩ ነው፤ ግን ጋዙ ቀስ በቀስ ሊተን ይችላል። ስለዚህ ከሁለት አንዱ ቢኖርም የፌሮሴሪየም ዘንግ መጨመር ተገቢ ነው። ይህ ዘንግ ከላይተር ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ወፈርና ረዘም ብሎ የተሠራ ብቻ። ብረትና ሴሪየም የተቀላቀሉበት ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1903 ያስመዘገበው ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል አወር ፎን ቬልስባክ ነው። ሲፋቅ የሚረጨው ብልጭታ ወደ 3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ውሃ ውስጥ ቢወድቅ እንኳ ጠረግ ተደርጎ ይሠራል።

አፋፋቁ ግን ልምድ ይፈልጋል። አዲስ ዘንግ ጥቁር ልባስ አለው፤ እሱ መጀመሪያ ካልተፋቀ ብልጭታው ደካማ ነው። ሁለተኛ፣ አብዛኛው ሰው መፋቂያውን ወደ ፊት እየገፋ ይፍቃል። እጁ ወደ ማቀጣጠያው ይሄድና ያዘጋጀውን ሁሉ ይበትነዋል። ትክክለኛው መፋቂያውን ማቀጣጠያው አጠገብ አጥብቆ መያዝና ዘንጉን ወደ ኋላ መሳብ ነው። ብልጭታው እዚያው ይወርዳል፤ የሚበተን ነገር የለም።

ማቀጣጠያውስ? ቫዝሊን የተለወሰ ጥጥ የሚያክለው የለም። ደረቅ ጥጥ በሰከንዶች ነዶ ያልቃል፤ ቫዝሊን የጠጣው ግን ለብዙ ደቂቃ ይነዳል፣ ለጭራሮ ጊዜ ይሰጣል። ከመለኮሱ በፊት ጥጡን በጣት ፈልቀቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ብልጭታ የሚይዘው ከውስጥ የሚወጣው ደረቁ ክር ነውና። የሚቀመጠውም በአጭሩ የተቆረጠ የመጠጫ ስትሮ ውስጥ ነው። ጥጡን ጠቅጥቆ የስትሮውን ሁለት ጫፍ በእሳት አቅልጦ ማጣበቅ ነው።

ለውሃ ዛሬ የሚመረጠው የክሎሪን ዳይኦክሳይድ እንክብል ነው። በተለመደው አሠራር 1 እንክብል 1 ሊትር ያክማል፤ ለአብዛኛው ጀርም 30 ደቂቃ ይበቃል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ግን ጠንካራ ስለሆነ 4 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል። ውሃው ድፍርስ ከሆነ አስቀድሞ በጨርቅ ማጥለል ነው። ማፍላት የሚችል ሰው እንክብሉን ይቆጥበዋል። ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ 3 ደቂቃ ይበቃል። ቆርቆሮዋ ራሷ እሳት ላይ ልትጣድ ትችላለች፤ ግን የምትይዘው 100 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ማጠፊያዋ ጋም ያንጠባጥባል። ቀለሟም በእሳት ይጨሳል፤ ስለዚህ ለማፍያ የታሰበች ከሆነ ገና ቤት እያለች ቀለሙን ማቃጠል ይሻላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት መያዣውን ነው። እንክብሉ 1 ሊትር ይላል፤ ሊትሩ ምን ውስጥ ይቀዳ? ቅባት የሌለው ኮንዶም ለዚህ ያገለግላል። ታጥፎ ቦታ አይፈጅም፤ ካልሲ ውስጥ ከተው ሲሞሉት አንድ ሊትር ያህል ይሸከማል። ካልሲው እንዳይፈነዳ ይደግፈዋል። ጠንካራ ፌስታል የሚመርጡም አሉ።

ፈላጊ በአካባቢው እያለ ሳይገናኙ መቅረት ያስቆጫል። ጉሮሮ ቶሎ ይዘጋል፤ ፊሽካ ግን ትንፋሽ እስካለ ይሠራል። በብዙ አገር 3 ጊዜ መንፋት የእርዱኝ ጥሪ ነው። በአልፕስ ተራሮች ደግሞ በደቂቃ 6 ጊዜ ይነፋና አንድ ደቂቃ ዝም ይባላል፤ መልሱ በደቂቃ 3 ጊዜ ነው። ፀሐይ ካለች የመስታወት ነጸብራቅ ከፊሽካ ድምፅ በብዙ ርቆ ይደርሳል፤ የቆርቆሮዋ ክዳን በውስጥ በኩል በደንብ ከተወለወለም ያንጸባርቃል። አነጣጠሩ እንዲህ ነው። አንዱን እጅ ዘርግቶ ሁለት ጣት ከፍቶ፣ አውሮፕላኑን ወይም ሰውየውን በጣቶቹ መካከል ማየት፤ ከዚያ ነጸብራቁን ጣቶቹ ላይ ማሳረፍና ማወዛወዝ።

የሸሚዝ ቁልፍ ያህል የምትሆን ትንሽ ኮምፓስም ትገባለች። አቅጣጫ ከማሳየት አልፋ ብዙ አትሠራም፤ እሱም ግን ሰውን ክብ እየዞረ ከመዋል ያድነዋል። አንድ ጥንቃቄ አላት። ቆርቆሮዋ ብረት ናት፤ ኮምፓሷ ውስጧ እንዳለች ከተነበበች ትዋሻለች። አውጥቶ፣ ከምላጩና ከቆርቆሮው አርቆ ማንበብ ያስፈልጋል።

ለመቁረጫ ባለ አንድ ፊት ምላጭ ወይም የቀዶ ሕክምና ስለት፣ እንደታሸገ። ዓይኗ ሰፋ ያለ መርፌ፣ ጠንካራ የናይለን ክር፣ ሁለት ሦስት መርፌ ቁልፍ፣ ጥቂት ሜትር ቀጭን ሽቦ፣ እርጥበት የማይከለክለው ቁራጭ እርሳስና ወረቀት ይከተላሉ። የሽቦ መጋዝ በብዙ የተዘጋጁ ቆርቆሮዎች ውስጥ ይገኛል፤ እኔ ግን ቦታውን ለጥጥ እሰጠዋለሁ፤ ቶሎ ይበጠሳልና። ከመድኃኒት በኩል ፕላስተር፣ የሕመም ማስታገሻና የተቅማጥ ማቆሚያ ይበቃሉ። ዘወትር የሚወሰድ መድኃኒት ያለበት ሰው የአንድ ሁለት ቀኑን ይጨምር። መንጠቆና የዓሣ ክር ቦታ ስለማይፈጁ ይግቡ፤ ሌላውን ካላስወጡ።

የሚጎድላት መጠለያ ነው፤ ይህን በግልጽ ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ ፎይል የሚያብረቀርቀው ቀጭን የድንገተኛ ብርድ ልብስ፣ በናሳ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1964 የመጣ፣ ታጥፎም ቆርቆሮዋን ብቻውን ይሞላታል። ስለዚህ እሱን ወይም አንድ ትልቅ የቆሻሻ ላስቲክ በሌላኛው ኪስ መያዝ ነው። ላስቲኩ ግርጌው ላይ ለፊት የሚሆን ቀዳዳ ተበጅቶለት ከላይ ሲጠለቅ ዝናብና ንፋስ ይመክታል።

አስተሻሸጉም ጥበብ አለው። ጠፍጣፋው ሁሉ ከታች ይነጠፋል፤ ክብ ነገሮች በዳር ይደረደራሉ፤ ክፍተቱ በጥጥ ይሞላል። ጥጡ እንዳይንኳኳም ይረዳል። መጀመሪያ የሚፈለገው፣ ማለትም እሳቱና ፊሽካው፣ ከላይ ይቀመጣል። ከዚያ መገጣጠሚያው ዙሪያውን በኤሌክትሪክ ናስትሮ ይጠቀለላል፤ ውሃ ይከላከላል፣ ተፈትቶም ለሌላ ሥራ ይሆናል። የናስትሮውን ጫፍ ትንሽ አጥፎ እንደ ጆሮ መተው ግን የግድ ነው። በበረዶ ውሃ የደነዘዘ ጣት የተጣበቀ ጫፍ ፈልጎ አያገኝም። ሲፈተንም እንደዚያው ነው፤ እጅን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቆይቶ ቆርቆሮዋን ከፍቶ እሳት ማንደድ ይቻላል ወይ? ካልተቻለ አስተሻሸጉ ይስተካከላል።

በዓመት አንዴ ተከፍታ ትታያለች። እንክብልና መድኃኒት ጊዜያቸው ያልፋል፣ ፕላስተር ሙጫው ይደርቃል፣ ምላጭ ይዝጋል። አውሮፕላን ላይ ደግሞ ምላጭ በእጅ ሻንጣ አይፈቀድም፤ ክብሪት በአንጻሩ በሚጫነው ሻንጣ ክልክል ነው። የወጣው ነገር ሲደረስ መተካት አለበት። ስለዚህ የክዳኗ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሁሉንም ዝርዝርና ጊዜያቸው የሚያልፍበትን ቀን የያዘች ትንሽ ወረቀት ትለጠፍባታለች።