ካሊ፦ ዳንሰኛው የሰራት የሳልሳ ከተማ

ካሊ ኮሎምቢያ ውስጥ በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለች የቫዬ ዴል ካውካ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋን ሸንኮራ አገዳ ነው፣ ከፍታዋ ከባህር ወለል በላይ 1000 ሜትር ገደማ ስለሆነ አዋሽ ሰባትን ያክላል በሉት፣ ሕዝቧ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው። ራሷን የዓለም የሳልሳ ዋና ከተማ እያለች ነው የምትጠራው፣ ይሄን ስም ኩባዎችና ፖርቶሪኮዎች ሲሰሙት መሳቃቸው አይቀርም ምክንያቱም ሙዚቃው እዛ አልተወለደም። ሥሩ ሶን የሚባለው የኩባ ሙዚቃ ምናምን ነው፣ ሳልሳ ተብሎ በዓለም የተሸጠው ደሞ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ) ኒውዮርክ ውስጥ ነው። ካሊ ያላት ሌላ ነገር ነው፣ የሚጨፍር ሕዝብ። ሌላ ቦታ ባንዱ ይቀድማል ዳንሰኛው ይከተላል፣ እዚህ ግን ለብዙ ዓመት ስም ያለው የራሷ ባንድ ብዙም ሳይኖር ሰዉ በአብዛኛው በሸክላ ሲጨፍር ኖሮ ትልልቆቹ ባንዶች በኋላ ነው የመጡት።

ሸክላው የገባው በመርከብ ነው። ከካሊ ወደ ምዕራብ ተራራውን ተሻግራችሁ ስትወርዱ ቡዌናቬንቱራ የሚባል የፓሲፊክ ወደብ አለ፣ መርከበኞቹ ከኒውዮርክና ከካሪቢያን አዳዲስ ሸክላ እየያዙ ይመጡና ይሸጡታል፣ ከወደቡና ከባህር ዳርቻው ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማዋ የገባው ጥቁር ኮሎምቢያዊ ደሞ ይዞት ወደየሰፈሩ ይገባል። ከዛም በፊት የኩባ ዘፈን በሬዲዮ ይሰማ ነበር፣ ማምቦ የሚባለውን የኩባ ጭፈራ ደሞ ልጆቹ ከሜክሲኮ ፊልም እያዩ እግር በእግር ነው የቀዱት። በነገራችን ላይ የኛው ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 የአፍሮ ላቲን አልበሞቹን ያወጣው እዛው ኒውዮርክ ነው፣ ያኔ በመርከብ ወደ ካሊ ይጓዝ የነበረውም ሳውንድ የዛ ሰፈር ዘመድ ነው።

በ1960ዎቹ የካሊ ልጆች አጉዌሉሎ የሚሉት ድግስ ነበራቸው፣ ከሰዓት በኋላ የሆነ ሰው ቤት ይሰበሰባሉ፣ አልኮል የለም፣ ለስላሳና ሉሎ የሚባለው ጎምዛዛ ፍሬ ጭማቂ እየጠጡ እስኪመሽ ይጨፍራሉ፣ ማን ይበልጣል እየተባባሉ ይፎካከራሉ። እና ያኔ ነው የካሊን ጭፈራ ያፈጠነችው ታሪክ የተፈጠረችው። ከኒውዮርክ ቡጋሉ የሚባል አዲስ ስታይል መጣ፣ ዘፈኑን ወደዱት ግን ቀሰስተኛ ሆነባቸው፣ እነሱ እግራቸው የለመደው ፓቻንጋ የሚባለውን ፈጣን የኩባ ምት ነው። ምን አደረጉ፣ በደቂቃ በ33 ዙር መጫወት ያለበትን ሸክላ በ45 ዙር ለቀቁት! ፍጥነቱ 35 በመቶ ይጨምራል፣ የዘፋኙ ድምፅም አብሮ ይቀጥንና የሕፃን ልጅ ይመስላል፣ ማንም ግድ አልሰጠውም። ዛሬ የካሊ ስታይል ተብሎ የሚታወቀው ፈጣን እግር ጉልበቱን ያገኘው ከዚች የማጫወቻ ቁልፍ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም። ኦሪጅናሉን በትክክለኛ ፍጥነቱ የሰሙት በኋላ ሲሆን አንዳንዱ ዘፈኑ ተበላሸ ብሎ ነበር ቢሉኝ አምናለሁ።

ከዛ በ1968 ዲሴምበር ሪቺ ሬይና ቦቢ ክሩዝ የሚባሉት የኒውዮርክ ልጆች ኦርኬስትራቸውን ይዘው ፌሪያ ለሚባለው የከተማዋ የዲሴምበር በዓል መጡ፣ የካሊ ሰዎች በሸክላ ብቻ የሚያውቁትን ነገር በአካል አዩት፣ የዛን ዘመን ሰዎች እስካሁን ስለሱ ሲያወሩ አይጠግቡም። ከተማዋ የራሷን ትልቅ ድምፅ ያገኘችው ደሞ በ80ዎቹ ነው፣ በሀይሮ ባሬላ የሚመራው ግሩፖ ኒቼ ቦጎታ ተመስርቶ ወደ ካሊ ተዛወረና በ1984 ስለ ከተማዋ የዘፈነው ካሊ ፓቻንጌሮ እንደ ሁለተኛ መዝሙር ሆነ። ባሬላ በ2012 ሞተ፣ መሀል ከተማ በስሙ የተሰየመ አደባባይ አለ፣ ትልልቅ የትራምፔት ሐውልት የቆመበት።

ወደ ዳንሱ ስንመጣ፣ ሶሻል ዳንስ ማለት ለመድረክ ሳይሆን ለራስ የሚጨፈረው ነው፣ ኮሪዮግራፊ የለውም፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ተነስተህ ዘፈኑ ወዴት እንደሚሄድ እየሰማህ ነው። ምቱን ስትቆጥሩ የካሊው እርምጃ ከ1 ይነሳል፣ የኒውዮርኩ ከ2፣ ኩባ ተምረው የመጡ ኢትዮጵያውያን ካሲኖ ሲሉ ሰምታችሁ ከሆነ እሱ ደሞ ሌላ ነው፣ በክብ እየዞሩ የሚጨፍሩት። የካሊ ዳንሰኛ ብዙ አያዞርም አይዞርም፣ ጥንድ ሆነው ጠጋ ብለው ይያያዙና ሥራውን ሁሉ ከጉልበት በታች ይሰሩታል። ይሄን ለኛ ሰው ለማስረዳት ቀላሉ እስክስታን ገልብጦ ማሰብ ነው፣ ትከሻው ዝም ይልና እግሩ ይንቀጠቀጣል። ጥሩ ዳንሰኛ ስታዩ ከወገብ በላይ የሆነ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነው የሚመስለው፣ ዓይናችሁን ወደ መሬት ስታወርዱ ጫማው አይያዝም፣ በተለይ ፒያኖው ወይ ኮንጋ የሚባለው ከበሮ ብቻውን ሲቀር ረፒኬ የሚሉትን የእግር ምት እያስገባ አንዷን ቢት ለሦስት ይሸነሽናታል።

የሚጨፈርበት ቦታ ከቤት ይጀምራል፣ ልደት፣ ክርስትና፣ ዝም ብሎ እሁድ። ክለብ ከሆነ እነ ቲን ቲን ዴዮ፣ ሳፔሮኮ፣ ላ ቶፓ ቶሎንድራ የውጭ ሰውም የሚያውቃቸው ናቸው፣ ድሮ ደሞ ከካውካ ወንዝ ማዶ ያለው ኹዋንቺቶ ነበር፣ ከከተማው አስተዳደር ውጪ ስለሆነ የካሊ ክለቦች ሲዘጉ ሰዉ ድልድዩን ተሻግሮ እስኪነጋ እዛ ይቀጥል ነበር። አውሮፓና አሜሪካ ባሉት የሳልሳ ምሽቶች ሰው ለብቻው ይመጣና በየዘፈኑ ፓርትነር ይቀያይራል፣ ካሊ ግን በብዛት ሰዉ የሚመጣው በቡድን ነው፣ ጠረጴዛ ይይዛሉ፣ አንድ ጠርሙስ አጉዋርዲየንቴ ያስመጣሉ፣ ይሄ የነሱ አረቄ በሉት አኒስ አኒስ ይላል፣ በትንንሽ ብርጭቆ እየተቀዳ እየዞረ ከዛው ጠረጴዛ ይነሳሉ ይመለሳሉ። ብቻውን የሄደ ሰው መጀመሪያ ትንሽ ሊከብደው ይችላል።

የአደንዛዥ ዕፁ ገንዘብ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። በ80ዎቹ የካሊ ካርቴል የሚባለው የዕፅ ነጋዴዎች ቡድን ገንዘብ ክለቦቹንም ኦርኬስትራዎቹንም አሳብጧቸው ነበር፣ በ1995 የካርቴሉ አለቆች የሮድሪጌስ ኦሬኹዌላ ወንድማማቾች ሲያዙ ገንዘቡ ደረቀ፣ ሙዚቀኞች ሥራ ፈቱ፣ ትልልቅ የጭፈራ ቤቶች ተዘጉ። ዳንሱን ያቆየው ታዲያ ማን ነው፣ ሽማግሌዎቹ! ቪዬሆቴካ የሚባል ለአዛውንቶች የተጀመረ የእሁድ ከሰዓት ጭፈራ ነበር፣ በርካሽ መግቢያ በአሮጌ ሸክላ፣ ወጣቱ ቀስ በቀስ እዛ ገብቶ ከአያቶቹ ጋር መጨፈር ጀመረ። እኔን ብትጠይቁኝ ከየትኛውም ሾው በፊት መታየት ያለበት ይሄ ነው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ነጭ ጫማቸውን ወልውለው መጥተው ሲረግጡ ጉልበት ያመኛል ማለት ምን እንደሆነ ትረሳላችሁ።

ሾው ካላችሁ ፌሪያ ዴ ካሊ አለ፣ በየዓመቱ ከዲሴምበር 25 እስከ 30። አጀማመሩ አሳዛኝ ነው፣ ኦገስት 7 ቀን 1956 ዲናሚት የጫኑ የወታደር መኪኖች መሀል ከተማ ፈንድተው ከሺህ በላይ ሰው ሞተ፣ በቀጣዩ ዓመት የከተማውን መንፈስ ለማንሳት ብለው በዓሉን ጀመሩት። ከ2008 ወዲህ መክፈቻው ሳልሶድሮሞ ነው፣ ከየሰፈሩ የዳንስ ትምህርት ቤቶች የወጡ ልጆች የሚያብረቀርቅ ልብስ ለብሰው በፀሐይ ዋናውን መንገድ እየጨፈሩ ይሞሉታል። ከነዚህ ትምህርት ቤቶች ትልቅ ስም ያለው ስዊንግ ላቲኖ ነው፣ በ2020 ሱፐር ቦውል (የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ) ላይ ከኮሎምቢያዊቷ ዘፋኝ ሻኪራ ጋር የጨፈሩት የነሱ ልጆች ነበሩ። ለብዙ የድሃ ሰፈር ልጆች ይሄ እውነተኛ የሥራ በር ሆኗል፣ ያ ጥሩ ነው፣ ግን ልጅቷን ወደ ላይ ወርውሮ መቅለብ የመድረክ ነገር ነው፣ ሰው በተጨናነቀበት ክለብ ውስጥ ልሞክረው የሚል ቱሪስት ሲመጣ ዙሪያው ያለው ሰው ብርጭቆውን አንስቶ ይሸሻል።

በዛው በፌሪያው ሰሞን የሸክላ ሰብሳቢዎቹ ስብሰባም አለ፣ ለኔ የዚህን ከተማ ጠባይ በደንብ የሚያሳየው እሱ ነው። አንዱ ካለው ሺህ ምናምን ሸክላ መርጦ አንድ ያስቀምጣል፣ ሰዉ ዝም ብሎ አይሰማም፣ ከቦርሳው የብረት ቃጭል የሚያወጣ አለ፣ ማራካስ የሚባለውን የሚንቀጫቀጭ መሣሪያ የሚያወጣ አለ፣ ከሸክላው ጋር እኩል ይመታሉ፣ ቦታውን የሳተ ሰው ወዲያው ይታያል፣ ዞር ብለው ያዩታል በቃ።

ለመማር መሄድ ለሚያስብ ሰው፣ ትምህርት ቤቶቹ የግል ትምህርት በሰዓት ይሰጣሉ፣ ብዙ የውጭ ሰውም ሳምንታት እየቆየ ይማራል። ሌላ ቦታ ከ2 እየተነሳ የተማረ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በፍጥነቱ ሳይሆን እጁን ማሳረፍ ስለማይችል ነው፣ አስተማሪዎቹ ማዞሩን አስቁመው እግር ብቻ ያሰሩታል። ፌሪያው ሰሞን ሆቴል ቀድሞ ነው የሚያዘው፣ ሌላ ጊዜ ከሄዳችሁ ደሞ የእሁዱን ከሰዓት ለቪዬሆቴካው ተዉት።