ስልክ ቁጥር የማይጠይቁ የመልእክት መተግበሪያዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እህታችንን እናስብ። ዋትስአፕ የከፈተችው አሠሪዋ በራሱ ስም ባወጣላት ሲም ካርድ ነው። ከዚያ ቤት ስትወጣ ሲሙ ይዘጋል፤ ወራት ሲያልፉም ቁጥሩ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል። ደሴ ያሉት እናቷ ይህን የሚያውቁበት መንገድ ስለሌላቸው በዚያው ቁጥር «ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ?» እያሉ ይልካሉ፤ መልእክቱም ቁጥሩን ተረክቦ ዋትስአፕ ለከፈተበት ለማያውቁት ሰው ይደርሳል። ይህ የሆነው የመተግበሪያው ምስጠራ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን የልጅቷ መገናኛ በሌላ ሰው እጅ ባለ ቁጥር ላይ ስለተንጠለጠለ ነው።

ስልክ ቁጥር ዛሬ አድራሻ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ሲም ካርድ የሚወጣው በመታወቂያ ነው፤ በሳዑዲ ዓረቢያ የሚኖር የውጭ ዜጋ የሚጠየቀው ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ነው፤ ቴሌብርም ሆነ የባንክ ሂሳባችን የሚታሰረው በዚሁ ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁጥራችንን የያዘ ሁሉ ወደ ስማችን የሚያደርሰውን መንገድ ይዟል። ያለ ስልክ ቁጥር የሚሠሩት እነ ሲምፕሌክስ፣ ሴሽን፣ ብራየር እና ስሪማ ይህን ሰንሰለት ይበጥሳሉ። ስለ እነርሱ የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ ወይ ከልክ ያለፈ ተስፋ ነው፣ ወይ መሠረት የሌለው ጥርጣሬ፤ ሁለቱም ሰውን ስለሚጎዱ በተደጋጋሚ የሚነሡትን አንድ በአንድ አያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መልእክቱ ከተመሰጠረ ቁጥሬ ቢታወቅ ምን ይጎዳኛል?»

ዋትስአፕ ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ መልእክቶችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሰጥራል፤ ይህም ማለት ጽሑፉን ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ኩባንያው ራሱ ሊያነበው አይችልም። ምስጠራው የማይሸፍነው ግን ከጽሑፉ ውጭ ያለውን ነው፦ ማን ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከየትኛው የኢንተርኔት አድራሻ ተገናኘ የሚለውን። ባለሙያዎች ሜታዳታ የሚሉት ይህን ነው። አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር መልእክት ቢለዋወጥና በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ በዜና ቢወጣ፣ ጥፋተኛውን ለሚፈልግ ሰው የመልእክቱ ይዘት አያስፈልገውም። የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ እና የሲአይኤ የቀድሞ ኃላፊ ጄኔራል ማይክል ሄይደን በ2014 በአንድ የአደባባይ ክርክር ላይ «በሜታዳታ ተመርኩዘን ሰው እንገድላለን» ሲሉ የተናገሩት ይህ መረጃ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከማንም በላይ ስለሚያውቁ ነው።

እዚህ ላይ ሲግናል ለተባለው የመልእክት መተግበሪያ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ሲግናል ቁጥር ይጠይቃል፤ ሆኖም በ2016 ከአሜሪካ ፍርድ ቤት የመረጃ ትእዛዝ ሲደርሰው ስለ ተጠቃሚው ሊያቀርብ የቻለው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ አካውንቱ የተከፈተበትን ጊዜና ለመጨረሻ ጊዜ ከሰርቨሩ (መልእክት ከሚያስተላልፈው ኮምፒውተር) ጋር የተገናኘበትን ቀን። ቁጥር መጠየቅና ብዙ መረጃ ማከማቸት አንድ አይደሉም። ያም ቢሆን ቁጥር የሚያስፈልገው አሠራር በሌላ በኩል መጋለጡ አይቀርም፤ በኦገስት 2022 የማረጋገጫ ኮዶችን ለሲግናል የሚልከው ትዊሊዮ የተባለው ኩባንያ ሲጠለፍ የ1,900 ያህል የሲግናል ተጠቃሚዎች ስልክ ቁጥር ተጋልጦ ነበር።

«ቴሌግራም የተጠቃሚ ስም ስላለው ቁጥሬ የለበትም»

በእኛ አገር ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። የተጠቃሚ ስም ቁጥራችንን የሚደብቀው ከሌሎች ተጠቃሚዎች ነው፤ ከኩባንያው አይደለም። ከዲሴምበር 2022 ወዲህ በክፍያ ከሚገኘው ልዩ ቁጥር በስተቀር ቴሌግራም የሚከፈተው በሲም ካርድ ቁጥር ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ነገር አለ፦ ተራው የቴሌግራም ንግግር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም። የተመሰጠረው ለብቻው ተመርጦ የሚከፈተው በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ሚስጥራዊ ንግግር ሲሆን፣ ግሩፖች ይህ ምርጫ ጭራሽ የላቸውም። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ በኦገስት 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የተጠቃሚዎችን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ እንደሚሰጥ በይፋ አስታውቋል።

ሲግናልም ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ የተጠቃሚ ስም አምጥቷል፤ ለመመዝገብ ግን አሁንም ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥርን መደበቅና ከመጀመሪያውም ቁጥር አለመስጠት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

«ቁጥርም መለያም ከሌለ መልእክቱ እንዴት ይደርሳል? አንድ ቦታ መዝገብ መኖሩ አይቀርም»

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለአብዛኞቹ መተግበሪያዎችም መልሱ «አዎ፣ መለያ አለ» የሚል ነው። ሴሽን ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ 66 ፊደልና አኃዝ ያለው ረጅም መለያ በስልኩ ላይ ያመነጫል፤ የስዊዘርላንዱ ስሪማ ደግሞ ባለ 8 ፊደል መለያ ይሰጣል። እነዚህ ከስማችን ጋር ባይያያዙም ቋሚ ናቸው፤ ሁለት ወዳጆቻችን መለያችንን ቢያስተያዩ አንድ ሰው መሆናችንን ያውቃሉ።

ሲምፕሌክስ ከዚህ አልፎ ይሄዳል፤ ለተጠቃሚው ምንም ዓይነት መለያ የለውም። አሠራሩን ለመረዳት የፖስታ ሣጥንን ማሰብ ይጠቅማል። በአገራችን ደብዳቤ የሚመጣው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ፖስታ ሣጥን ነው። አሁን ለእያንዳንዱ ወዳጃችን ሁለት ሣጥን እንደምንከራይ እናስብ፤ አንዱ እርሱ ለእኛ የሚያስገባበት፣ ሌላው እኛ ለእርሱ የምናስገባበት ነው። ሣጥኖቹ በተለያዩ ፖስታ ቤቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የአከራይ መዝገብ ላይ የተከራይ ስም የለም፤ የአንዱ ሣጥን ቁጥር ከሌላው ጋር አይያያዝም። ሃያ ወዳጅ ያለው ሰው አርባ ሣጥን አለው፤ ከፖስታ ቤቶቹ አንዱም ግን እነዚህ አርባ ሣጥኖች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚናገር ሰነድ የለውም። ሰርቨሩ የሚያደርገው የተመሰጠረውን መልእክት ተቀባዩ እስኪወስደው ድረስ መያዝ ብቻ ነው። የወዳጆቻችን ዝርዝርና ስማችን የሚቀመጡት በስልካችን ውስጥ ነው።

ወደ ሪያዷ እህታችን እንመለስ። መተግበሪያውን በማንኛውም ዋይፋይ አውርዳ ስትከፍት የሚጠይቃት የምትታይበትን ስም ብቻ ነው፤ የፈለገችውን ትጽፋለች። ከዚያ የአንድ ጊዜ ግብዣ ትፈጥራለች፤ ስክሪኑ ላይ ኪው አር ኮድ ይወጣል። በቪዲዮ ጥሪ ለወንድሟ ታሳየዋለች፤ ወንድሟም ደሴ ቤት ውስጥ የእናቱን ስልክ አንሥቶ ካሜራውን ወደ ኮዱ ያዞራል። ተገናኙ። ያ ኮድ ከዚህ በኋላ አይሠራም፤ ነገ የኮዱን ስክሪን ሾት ያገኘ ሰው ምንም አያደርግበትም። ግብዣውን በሊንክ መልክ በሌላ መተግበሪያ ከላከችው ግን አንድ ሰው መሐል ገብቶ ቀድሞ ሊጠቀምበት ስለሚችል፣ መተግበሪያው የሚያሳየውን የደኅንነት ኮድ በድምፅ እየተነባበቡ ማመሳከር ይገባል። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ባይዘነጋ እመርጣለሁ። ከዚያ በኋላ ሲም ካርዷ ቢዘጋም ስልኩ እጇ ላይ እስካለና ኢንተርኔት እስካገኘች ድረስ እናቷ አይጠፏትም።

«ቁጥር ካልሰጠሁ ማንም ሊደርስብኝ አይችልም»

ይደረስባችኋል። ኢንተርኔት ላይ የሚወጣ ስልክ ሁሉ የኢንተርኔት አድራሻ (አይፒ) አለው፤ የምንገናኘው ሰርቨር ያየዋል፣ የኢንተርኔት አቅራቢያችንም ከየትኛው ሰርቨር ጋር እንደተገናኘን ያያል። ሴሽን መልእክቱን በሦስት ኮምፒውተሮች አዟዙሮ ይልካል፤ ብራየር የተጠቃሚውን አድራሻ በሚደብቀው ቶር በተባለው መረብ ይጓዛል፤ ሲምፕሌክስም በ2024 የላኪውን አይፒ ተቀባዩ ከመረጠው ሰርቨር የሚደብቅ አሠራር ጨምሯል። ሆኖም በዲሴምበር 2023 የአሜሪካው ሴናተር ሮን ዋይደን እንዳጋለጡት መንግሥታት መልእክት ሲገባ ስልካችን ላይ ብቅ የሚለው ማሳወቂያ የሚተውን ዱካ ከአፕልና ከጎግል ሲጠይቁ ቆይተዋል። ከቴክኒኩም በላይ ብዙ ሰው የሚጋለጠው በገዛ እጁ ነው፦ በፌስቡክ የሚታወቅበትን ቅጽል ስም እዚህም ያስገባል፣ የራሱን ፎቶ ይለጥፋል።

ቁጥር አለመስጠት ብቻውን እንደማይሸሽግ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው የአኖም ታሪክ ነው። አኖም ለወንጀለኛ ቡድኖች በተለየ ስልክ ተጭኖ ይሸጥ የነበረ የመልእክት መተግበሪያ ሲሆን ተጠቃሚዎቹ የሚተዋወቁት በቅጽል ስም ብቻ ነበር። ከ100 በላይ አገሮች ውስጥ ከ12,000 በላይ ስልኮች ተሠራጭተዋል። በጁን 2021 ይፋ እንደሆነው ግን ሥራውን ከጀርባ ሆኖ ይመራ የነበረው የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ነው፤ የአውስትራሊያ ፌዴራል ፖሊስም ተባባሪው ነበር። የእያንዳንዱ መልእክት ቅጂ ወደ መርማሪዎች ይሄድ ነበር፤ 27 ሚሊዮን መልእክት ተሰብስቦ ከ800 በላይ ሰዎች ተያዙ። የተያዙት ወንጀለኞች መሆናቸው አያሳዝነኝም፤ ትምህርቱ ግን ለሁላችን ነው። «ቁጥር አንጠይቅም» የሚለው ማስታወቂያ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ማረጋገጫው መተግበሪያው የተጻፈበት የፕሮግራም ኮድ ለሁሉም ክፍት መሆኑና ገለልተኛ ባለሙያዎች የመረመሩት መሆኑ ነው። የሲምፕሌክስን ምስጠራ በ2022 ትሬይል ኦፍ ቢትስ የተባለ ድርጅት መርምሮታል። በስሪማ ላይ ደግሞ የዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጃንዋሪ 2023 ሰባት የጥቃት መንገዶችን ይፋ አድርገዋል፤ ኩባንያውም ፕሮቶኮሉን (መልእክት የሚመሰጠርበትንና የሚተላለፍበትን ሥርዓት) አሻሽሏል። እንዲህ ያለ ጉድለት ተገኝቶ መታረሙን ሰዎች እንደ ውርደት ያዩታል፤ እኔ የምሰጋው ማንም ገብቶ ያላየውን ነው።

«መተግበሪያው ጠንካራ ከሆነ ስልኬም የተጠበቀ ነው»

ይህ ስሕተት ኢትዮጵያውያንን ዋጋ አስከፍሏል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በፌብሩዋሪ 2014 ባወጣው ሪፖርት በውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ በሠራው የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ እንደተደረጉ አሳይቷል። ጥቃቱ የመጣው ለጣቢያው የተላከ ጽሑፍ በሚመስል ፋይል ነበር። በዲሴምበር 2017 ያወጣው ሌላ ሪፖርት ደግሞ በውጭ የሚኖሩ የኦሮሞ ተሟጋቾችና ሌሎች በኢሜይል በመጣ ሊንክ «የቪዲዮ ማጫወቻውን አድሱ» እየተባሉ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሶፍትዌር እንዲጭኑ ሲታለሉ እንደነበር ገልጾ፣ ድርጊቱን ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር አያይዞታል። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር አንዴ ከገባ ምስጠራን መስበር አያስፈልገውም፤ የምንጽፈውን ከመመስጠሩ በፊት፣ የሚደርሰንንም ከተፈታ በኋላ ያነበዋል። ቁጥር አልባ መሆን እዚህ ላይ የሚያድነው ነገር የለም፤ የሚያድነው ያልጠበቁትን ፋይል አለመክፈት፣ ስልኩን በየጊዜው ማደስ እና መተግበሪያን ከታወቀ ቦታ ብቻ ማውረድ ነው። ኬላ ላይ «ስልክህን ክፈት» ለሚባል ሰው ደግሞ የተሻለው ጥበቃ መልእክቶች በራሳቸው ጊዜ እንዲጠፉ አስቀድሞ ማዘዝ ነው።

«ኢንተርኔት ቢዘጋም ይሠራሉ»

የሚሠራው ብራየር ነው፤ እርሱም በተወሰነ መልኩ። በ2020 ክረምት ኢንተርኔት በመላ ኢትዮጵያ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ እንደ ሲምፕሌክስና ሴሽን ያለ መተግበሪያ ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር። ብራየር በብሉቱዝና በዋይፋይ ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ ይልካል፤ ነገር ግን ሁለቱ ስልኮች መቀራረብ አለባቸው፤ የግል መልእክት በሌሎች ሰዎች ስልክ እየተሻገረ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር አይደርስም። በአይፎንም አይሠራም።

«ስልኬ ቢጠፋ በቁጥሬ መልሼ አወጣዋለሁ»

በዋትስአፕ የለመድነው ይህ ነው፤ ሲም ማስቀየር፣ ኮድ መቀበል፣ መቀጠል። ቁጥር በሌለበት ግን እኛ መሆናችንን የሚመሰክርልን ኩባንያ የለም። ሴሽን ሲከፈት 13 ቃላት ይሰጣል፤ ቃላቱን ያጣ ሰው መለያውን አጥቷል። ሲምፕሌክስ ደግሞ ዳታቤዙን (ወዳጆቻችንና መልእክቶቻችን የተመዘገቡበትን ማከማቻ) በፋይል አውጥተን በይለፍ ቃል ቆልፈን እንድናስቀምጥ ያስችላል፤ ያላስቀመጠ ሰው ከእያንዳንዱ ወዳጁ ጋር እንደ አዲስ መገናኘት ይኖርበታል። ስለዚህ እህታችን ስልኳ ሊወሰድባት እንደሚችል የምታውቅ ከሆነ፣ ያን ፋይል ገና ዛሬ ወንድሟ ዘንድ ማኖር አለባት፤ የይለፍ ቃሉን ግን በወረቀት ጽፋ ከስልኳ ለይታ ትያዘው።