የስነ ልቦና መከላከያ ምንድን ነው? ገጸ ባህሪን ከውስጥ የሚገፋው ነገር

ጀማሪ ደራሲን «ገጸ ባህሪህ ምን ይፈልጋል?» በሉት፣ ቶሎ ይመልሳል። ገንዘብ፣ ፍቅር፣ በቀል። ጥሩ። ግን ሰውየው የፈለገው ነገር እጁ ሊገባ ሲል ለምን ራሱ ያበላሸዋል? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ዝም እንላለን።

የስነ ልቦና መከላከያ የሚባለው አእምሯችን ልንሸከመው ያቃተንን ስሜት፣ ሀፍረትም በሉት ጥፋተኝነት፣ ለእኛ ለራሳችን ሳይነግረን ዞር የሚያደርግበት መንገድ ነው። «ሳይነግረን» የምትለዋን ያዙልኝ። ሐሳቡን ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1894 ባወጣው ጽሑፍ አነሳው፤ ዘዴዎቹን በወጉ ሰብስባ በ1936 መጽሐፍ ያደረገቻቸው ግን ልጁ አና ፍሮይድ ናት።

የእኛ ተረትና ምሳሌም አንዳንዶቹን በደንብ ያውቃቸዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። አለቃውን መናገር ያልደፈረው ሰው ቤቱ ገብቶ ልጁ ላይ ይጮሃል፤ ቁጣው የምር ነው፣ የወረደበት ሰው ግን ሌላ ነው። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ደግሞ የራስን ገመና ሌላው ላይ መለጠፍ ነው፤ ራሱ እየማገጠ የሚስቱን ስልክ የሚበረብረውን ባል አስቡት። መካድንና ሰበብ መደርደርን ሁሉም ስለሚያውቃቸው አልፋቸዋለሁ።

እኔ የምወደው የስሜትን ተቃራኒ ሆኖ መኖርን ነው። አንዲት እናት እንፍጠር። ልጁን ስታረግዝ አልፈለገችውም ነበር። ይህን ለራሷም ብላው አታውቅም። ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነስታ ትንፋሹን ታዳምጣለች። ካስነጠሰ ሐኪም ቤት ነው። ጓደኛ ቤት ማደር አይታሰብም። ጎረቤቱ ሁሉ «እናት ማለት እሷ ናት» ይላል። ልጁ ካደገ በኋላ ሌላ ከተማ የመማር ዕድል ያገኛል፣ ደብዳቤውን ግን ቀድማ ያየችው እሷ ናት። አጥፋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከፎጣዎቹ ሥር ትከተዋለች። መሳቢያውን ስትዘጋ የምታስበው ስለ ብርዱ ነው፤ እዚያ ከተማ ይበርዳል፣ ልጁ ደግሞ ደረቱን ያመዋል።

አያችሁ፣ እየዋሸች አይደለም። ስለ ብርዱ የምታስበው ከልቧ ነው። ውሸታም እውነቱን ስለሚያውቅ ሲነቃበት ይደነግጣል፤ መከላከያ ውስጥ ያለ ሰው ግን ያቺን ቦታ ሲነኩበት ይቆጣል፣ ወይ ይስቃል፣ ወይ ወሬ ይቀይራል፣ ለምን እንደሆነም አያውቀውም። ለዚህ ነው ገጸ ባህሪ ራሱን ሲተነትን የማይጥመኝ። «በልጅነቴ ስለተተውኩ ሰው ማመን ይከብደኛል» የሚል ሰው ግማሽ መንገድ ድኗል፣ እኛ ምን ቀረን? አንባቢ ከእሱ ቀድሞ ይወቅበት።

በነገራችን ላይ መከላከያ ሁሉ ጎጂ አይደለም። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ጆርጅ ቫሊያንት ዘዴዎቹን በብስለት ደረጃ ከፋፍሏቸዋል፣ ቀልድና ንዴትን ወደ ሥራ መለወጥ ከበሰሉት ጎራ ናቸው። ስለዚህ ገጸ ባህሪያችሁ እንዲለወጥ ከፈለጋችሁ መከላከያውን ከላዩ ላይ መግፈፍ የለባችሁም፣ በተሻለ መቀየርም ይበቃል። የእኛዋ እናት ግን ገና እዚያ አልደረሰችም። ልጁ ፎጣ ሲፈልግ መሳቢያውን ከፍቶ ደብዳቤውን ይዞ ቢመጣባት፣ እኔ ብሆን «ጃኬትህን የት ጣልከው?» ነው የማስብላት።