የድሮ ፒክአፕን ወደ ፎር ዊል መቀየር

በኋላ እግሩ ብቻ የሚነዳ ፒክአፕ ጭነት ሲኖረው ጥሩ ይጎትታል። ባዶውን ጭቃ ውስጥ ሲገባ ግን ኋላው ስለሚቀል ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። እንዲህ ያለውን መኪና የፊት እግሩም ጉልበት እንዲያገኝ አድርጎ መሥራት ፎር ዊል ማድረግ ይባላል። ሲወራ ቀላል ነው፤ የፊት አክስል (ሁለቱን ጎማዎች የሚይዘው) ተፈልጎ ከሥር ቢገጠም ያለቀለት ይመስላል። ዋናው ጣጣ ግን ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ሻፍቶቹ (ጉልበት የሚያስተላልፉት ዘንጎች)፣ መሪው፣ ፍሬኑና የኋላው ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) እርስ በርስ እንዲስማሙ ማድረግ ነው። ብየዳው ከሁሉም ቀላሉ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፋብሪካዎች ፎር ዊል ፒክአፕ በብዛት ማምረት ከመጀመራቸው በፊት መቀየር ራሱን የቻለ ንግድ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ማርሞን ሄሪንግተን የተባለው ኩባንያ ከ1935 ጀምሮ የፎርድን የጭነት መኪናዎች ወደ ፎር ዊል ይቀይር ነበር። የሚኒያፖሊሱ ናፕኮ ደግሞ ለጄኔራል ሞተርስ ፒክአፖች የሚሆን ሙሉ የመቀየሪያ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ሸቭሮሌ በ1957 ይህንኑ ዕቃ ከፋብሪካ እንደሚታዘዝ አማራጭ አቀረበው። ፎርድ የራሱን ፎር ዊል ፒክአፕ ያወጣው በ1959 ነው። ቶዮታ ሃይሉክስም ከ1968 ጀምሮ ገበያ ላይ ቢሆንም ፎር ዊሉ የመጣው በ1979 ነው።

ከካምቢዮው እንጀምር። በኋላ እግር በሚነዳ መኪና ላይ የካምቢዮው ጅራት ረዘም ያለ ነው፤ ጉልበቱም በሻፍት በቀጥታ ወደ ኋላ ይሄዳል። ፎር ዊል ላይ ግን ከካምቢዮው ኋላ ትራንስፈር የሚባል ሌላ ሳጥን አለ። እሱ ነው ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የድሮው ካምቢዮ ይወርድና የፎር ዊሉ ከነትራንስፈሩ ይገጠማል። ሌላም መንገድ አለ። ትራንስፈሩን ለብቻው ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) ጋር አስሮ ከካምቢዮው ጋር በአጭር ሻፍት ማገናኘት ይቻላል። ፎርድ ኤፍ 250 እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ እንዲህ ሆኖ ከፋብሪካ ይወጣ ነበር። ጥቅሙ ካምቢዮው አለመነካቱ ነው። ግን ቦታ ይፈልጋል። ሻንሲው አጭር ከሆነ የኋላው ሻፍት ከመጠን በላይ ያጥርና ማዕዘኑ ይበላሻል።

ትራንስፈሩ ሎው ማርሽም ይሰጣል፤ ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምር ማርሽ ነው። የድሮው የቶዮታ ፒክአፕ ትራንስፈር በሎው ዙሩን 2.28 ጊዜ ይቀንሳል። አንደኛ ማርሹ ዙሩን 4 ጊዜ፣ ዲፈረንሻሉ 4.10 ጊዜ የሚቀንስ መኪና እንውሰድ። ሞተሩ 16.4 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። ሎው ሲገባ ቁጥሩ ወደ 37.4 ያድጋል። ድንጋያማ ዳገት ፍሪሲዮን ሳይቃጠል በእርምጃ ፍጥነት የሚወጣው በዚህ ነው። እንደኔ ከሆነ ለፎር ዊል ከሚወጣው ገንዘብ ግማሹ የሚከፈለው ለዚህች ማርሽ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን ዲፈረንሻሉ ላይ ነው። የፊቱና የኋላው ሬሾ እኩል መሆን አለበት። ሬሾ ማለት የኮሮናው (የዲፈረንሻሉ ትልቁ ማርሽ) ጥርስ ብዛት ለፒኞኑ (እሱን ለሚያዞረው ትንሹ ማርሽ) ጥርስ ብዛት ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር ነው። ኮሮናው 41፣ ፒኞኑ 10 ጥርስ ካለው 4.10 ይሆናል። ፒኞኑ 11 ከሆነ 3.73 ነው። ልዩነቱ አንዲት ጥርስ ናት። አሁን ከመሬት እስከ ጫፉ 75 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ እንውሰድ። 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 424 ጊዜ ገደማ ይዞራል። የፊቱ ሬሾ 4.10፣ የኋላው 3.73 ቢሆን ለዚህ የፊቱ ሻፍት ወደ 1740 ጊዜ፣ የኋላው ወደ 1583 ጊዜ መዞር አለበት። ትራንስፈሩ ደግሞ ሁለቱን ሻፍቶች ቆልፎ እኩል ነው የሚያዞራቸው። በየኪሎ ሜትሩ 157 ዙር መሄጃ ያጣል ማለት ነው። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ያካክሰዋል። ደረቅ መሬት ላይ ግን ወይ ጎማ ያልቃል፣ ወይ የሆነ ነገር ይሰበራል።

ዲፈረንሻሉን ሳይከፍቱ ሬሾውን ማወቅ ይቻላል። መኪናው በማይንሸራተት መደገፊያ ላይ ሆኖ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ከመሬት ይነሣሉ። ካምቢዮው ዜሮ ላይ ይሆናል። ጎማውና ሻፍቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። ሁለቱ ጎማዎች እኩል አሥር ዙር ሲዞሩ ሻፍቱ 41 ጊዜ ከዞረ 4.10 ነው፤ 37 አልፎ ከቆመ ደግሞ 3.73። ካልተስማማ የኋላውን አክስል አብሮ መቀየር ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ግድ ይሆናል፤ የጎማ ቡሎኑም ስለማይገጥም። ብዙዎቹ የጃፓን ፎር ዊል ፒክአፖች 139.7 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ የተደረደሩ 6 ቡሎኖች አላቸው። በኋላ እግር የሚነዱት ብዙ ጊዜ ባለ 5 ናቸው። ሁለት ዓይነት ትርፍ ጎማ ይዞ መዞር የሚፈልግ የለም።

ሬሾው ተስማምቶም አንድ ነገር ይቀራል። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ክብ ይሄዳሉ። መሃሉ ላይ ዲፈረንሻል የሌለው ትራንስፈር ይህን ልዩነት አይችለውም። ስለዚህ ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊሉ መውጣት አለበት። የፊት ጎማ ላይ የሚገጠመው ፍሪ ሃብ ደግሞ አክስሉ በከንቱ እንዳይዞር ጎማውን ከእሱ ይለያል። ይህን ዕቃ በ1948 ለጂፕ መኪናዎች ያቀረበው የአሜሪካው ዋርን ነው።

ወደ ፊት እግሩ ስንመጣ፣ ከሥር ያለው የመኪናው የድሮ አካል ብዙው ይወልቃል። ቀላሉ ምርጫ በባሌስትራ (በተደራረበ የብረት ሞላ) ላይ የሚቀመጥ፣ ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ የሆነ ድፍን አክስል ነው። የአክስሉ ዲፈረንሻል ያለበት ጎን ትራንስፈሩ ጉልበት ከሚያወጣበት ጎን ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ግራ ለግራ ወይም ቀኝ ለቀኝ። የሞተሩ ዘይት ኮፓ መንገድ ላይ ከመጣ የፎር ዊሉ ኮፓ ይገባል፤ አለዚያ መኪናው ከፍ ይላል። መሪውም ይቀየራል። የመሪው ዘንግና አክስሉ በአንድ አቅጣጫ ካልተንቀሳቀሱ ጎማው ጉድጓድ በረገጠ ቁጥር መሪው ራሱ ይዞራል። አክስሉ የሚበየድበት ማዕዘንም ስምምነት ይጠይቃል። ለመሪው ተብሎ ሲጋደም የሻፍቱ ክሮቸራ (መጋጠሚያው) ይጣመማል፤ ለሻፍቱ ተብሎ ሲቀና መሪው ይዋልላል። የባሌስትራው መቀመጫ አክስሉ ላይ ጥብቅ ከመበየዱ በፊት በነጥብ ብየዳ ብቻ ይዞ ሙሉ ክብደቱን አስቀምጦ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ፍሬኑ ረጅም ሆስ ይፈልጋል፤ ዋናው የፍሬን ፓምፕም ከአዲሱ አክስል ካሊፐር (የፍሬን ሸራውን ከሚጫነው ክፍል) ጋር መመጣጠን አለበት።

ከየት ዕቃ ይመጣል ለሚለው፣ የተሻለው መልስ ያው ሞዴል የሆነ ተጋጭቶ የቆመ ፎር ዊል ነው። ከቡሎን እስከ ሻፍት ሁሉም ይገኛል። እንዲያውም ሻንሲው ደህና ከሆነ ካቢኑንና ጭነት መያዣውን አንሥቶ እዚያ ላይ ማስቀመጥ ከመበየድ ይቀላል። ጣጣው ሕጉ ላይ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ሲቀየር ብዙ ቦታ መኪናው በሕግ ሌላ መኪና ይሆናል፤ ስለዚህ ከመዝጋቢው አካልና ከኢንሹራንሱ ጋር ቀድሞ መነጋገር ይገባል። ካቡሬተርና ኬብል ያለው የድሮ መኪና ለዚህ ይሻላል። አዲሶቹ ላይ ኤቢኤስና (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ኮምፒውተሩ የተቀየረውን ነገር ብዙ ጊዜ አይቀበሉትም።

ሒሳቡ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ያለውን ሸጦ ፎር ዊል መግዛት ይረክሳል። ችግሩ ዝናብ ወቅት ላይ ከግቢ መውጣት ብቻ ከሆነ ደግሞ የኋላ ዲፈረንሻል ሎክ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚቆልፍ) እና ጥርሱ የጠለቀ ጎማ ይበቃ ይሆናል። መቀየር የሚያዋጣው ካቢኑና ሞተሩ ደህና ሆነው ዕቃው በእጅ ላለ፣ ወይም ሥራውን ራሱ ለሚወድ ሰው ነው።

ሲያልቅ መኪናው አራቱም እግሮቹ ከመሬት ተነሥተው በሎው ቀስ ብሎ ይዞራል። መሪው እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ይዞርና ጎማው፣ ሆሱና ሻፍቱ ምን እንደሚነኩ ይታያል። አንዱ እግር በጃክ እየተነሣ ሻፍቱ ከጥርሱ ወጥቶ እንዳይወልቅ ወይም ተጨቁኖ ካምቢዮውን እንዳይገፋ ይለካል። የመጀመሪያው ፎር ዊል ንዳት ልል አፈር ላይ ይሁን። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላም የባሌስትራው ቡሎኖች ስለሚላሉ እንደገና ይጠበቃሉ።