ቃጫን በጎጃም ግቢና ቤት ማሳደግ፦ የሙቀትና የብርድ አያያዝ

ቃጫ በዕፅዋት ሳይንስ አጋቬ የተባለው ወገን በአገራችን የሚታወቅበት ስም ነው። ወገኑ ከ200 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ሁሉም የአሜሪካ ምድር ተወላጆች ሲሆኑ አብዛኞቹ የሚገኙት በሜክሲኮ ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 አጋቬ ብሎ ሲሰይመው “የከበረ” የሚል ፍቺ ካለው የግሪክ ቃል ወስዶ ነው። በጎጃም ቃጫ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በአጥር ጥግ የቆመውን፣ ቅጠሉ ተቀጥቅጦ ለገመድ የሚሆን ክር የሚወጣውን ተክል ነው፤ ይሁን እንጂ በበረንዳና በግቢ ለውበት የሚያዙት አጫጭርና እሾህ አልባ ዝርያዎችም የዚሁ ወገን ናቸው። ከእሬት ጋር መምታታት የለበትም። የእሬት ቅጠል ሲሰበር መራራና ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል፣ ተክሉም ደጋግሞ ያብባል፤ የቃጫ ቅጠል ግን ጠንካራ ክር አለው፣ ተክሉም ለዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ግንድ ካወጣ በኋላ ይሞታል።

የሙቀት አያያዙን ለመረዳት መነሻው ተክሉ የሚተነፍሰው ማታ መሆኑን ማወቅ ነው። ሌሎች ዕፅዋት በቀን የሚከፍቷቸውን የቅጠል ቀዳዳዎች ቃጫ ፀሐይ ሳለች ዘግቶ ይውላል፤ ከመሸ በኋላ ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰበስብና በአሲድ መልክ አከማችቶ በማግስቱ በፀሐይ ብርሃን ወደ ምግብነት ይለውጠዋል። በዚህ የተነሣ ለዕድገቱ ወሳኙ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ነው፤ ለብዙዎቹ ዝርያዎች 15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ የሆነ ሌሊት እጅግ ይስማማል። ሞቃት ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት የሚፈራረቁበት የጎጃም ወይና ደጋ እንግዲህ ለቃጫ በተፈጥሮው የተመቸ አገር ነው፤ ይህን መልካም አጋጣሚ ብዙ አትክልተኛ ሳያስተውለው ያልፋል።

ጎጃም ግን አንድ ዓይነት አየር የለውም። የዓባይ በረሃ በድልድዩ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ሲሆን ከዚያ ሽቅብ ወጥቶ ደጀን ላይ ሲደረስ ከፍታው ከ2,400 ሜትር ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ የግማሽ ቀን መንገድ በማይሞላ ርቀት የ9 ዲግሪ ልዩነት ይገኛል ማለት ነው። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ በ2,450 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ ጮቄ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በባሕር ዳርና በፍኖተ ሰላም ስለ ብርድ ብዙም መጨነቅ አያስፈልግም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ግርጌ በወጡ ቁጥር ግን አመዳይ ዋነኛው ጠላት ይሆናል።

የአመዳይ ወቅት የሚጀምረው “በጥቅምት አንድ አጥንት” የሚባልለት ብርድ ሲገባ ነው፤ ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር በጣም ያስፈራሉ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በማይኖርበት ሌሊት ቅጠሉ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር በጥቂት ዲግሪዎች ይበርዳል፤ በሰው ቁመት የተሰቀለ ቴርሞሜትር 3 ዲግሪ እያሳየ መሬት ላይ ያለው ቅጠል በአመዳይ ሊመታ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል፤ ስለዚህ የግቢው ጎድጓዳ ጥግ ከበሩ አጠገብ ካለው ከፍ ያለ ቦታ ይልቅ ይጎዳል። የተመታ ቅጠል ጠዋት ሲታይ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ይጠቁራል፣ ሲነካም ውኃ ያዘለ ይመስላል፤ ከሳምንት በኋላ ጫፉ እንደ ገለባ ነጥቶ ይደርቃል።

ዝርያዎቹ ብርድን የሚችሉበት መጠን ይለያያል። በአጥር ላይ የሚታየው ትልቁ አጋቬ አሜሪካና አፈሩ ደረቅ ከሆነ ከዜሮ በታች እስከ 8 እና 9 ዲግሪ ድረስ እንደሚቋቋም ይነገራል። እሾህ የሌለውና ለበረንዳ የሚወደደው አጋቬ አቴኑዋታ ግን ዜሮ ላይ መጎዳት ይጀምራል፤ ስለዚህ በደጋ ያለ ሽፋን ሊተከል አይገባውም። አጋቬ ፓሪ የተባለው የተራራ ዝርያ ብርድን በመቋቋም ከበረቱት አንዱ ነው።

ከብርዱም በላይ ግን የሚገድለው እርጥበት ነው። በውኃ የተሞላ ቅጠል ቶሎ በአመዳይ ይመታል፣ በቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ውስጥ ያለ ሥርም ይበሰብሳል። አንዳንድ አትክልተኞች እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል በሚል ከአመዳይ ሌሊት በፊት ማጠጣትን ይመክራሉ፤ ይህ ለጎመንና ለድንች ሊሠራ ይችላል፣ ለቃጫ ግን ፈጽሞ ስሕተት ነው። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ውኃውን መቀነስ፣ በታኅሣሥ ጨርሶ መተው ይገባል። የጎጃም ዋልካ አፈር ውኃ አንቆ ስለሚይዝ በእሱ ላይ የሚተከል ቃጫ ጠጠርና ቀይ አሸዋ ተደባልቆበት ከፍ ባለ መደብ ላይ መቀመጥ አለበት። ከቆርቆሮ ጣሪያ በሚወርደው የክረምት ጠፈጠፍ ሥር ማስቀመጥም አይገባም።

ቦታ መምረጥ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ደቡብ የሚያይ የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ይሰጣል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ግን የቀትር ፀሐይ በደብረ ማርቆስ ሰማይ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ያው ግድግዳ ያኔ በቀትር ጥላ ይሆናል። ከተክሉ በላይ ዛፍ ወይም የበረንዳ ክዳን መኖሩም ወደ ሰማይ የሚጠፋውን ሙቀት ያግዳል። መሸፈን የሚያስፈልግ ከሆነ ጆንያ ወይም አሮጌ ጨርቅ በአራት እንጨት ላይ ተወጥሮ ቅጠሉን ሳይነካ ማታ ይጋረዳል፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ይነሣል። ላስቲክ ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ ግን የነካውን ቦታ ያስመታዋል፤ ቀን ሳይነሣ ከዋለም ተክሉን ይቀቅለዋል።

በዕቃ የተተከለውን ቤት ማስገባት ይቻላል፤ ቁም ነገሩ ብርሃን ነው። ጨለማና ሞቃት ክፍል ውስጥ የከረመ ቃጫ ቅጠሉ ይሳሳል፣ ይረዝማል፣ ይገረጣል። በመስኮት አጠገብ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ይበቃዋል። ለእሱ ተብሎ የከሰል ማንደጃ በተዘጋ ቤት ማስገባት ለሰው ሕይወት አደገኛ ነው። ሲወጣም በአንድ ቀን ወደ ፀሐይ ቢጣል ቅጠሉ ነጭ ጠባሳ ስለሚይዝ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከጥላ ወደ ፀሐይ ደረጃ በደረጃ ማላመድ ያስፈልጋል።

ሙቀት በቆላው እንኳ እምብዛም አያሰጋም። የገመዱ ቃጫ አጋቬ ሲሳላና ሞቃት አገር የሚወድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1893 ወደ ዛሬዋ ታንዛኒያ ሲገባ በሕይወት የደረሱት 62 ተክሎች ብቻ ቢሆኑም ከእነሱ ሰፊ የእርሻ ልማት ተነሥቷል። በቆላ ጥንቃቄ የሚሻው ጥቁር የላስቲክ ዕቃ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ ሥሩን ስለሚያግለው በሸክላ መተካት ወይም ዕቃውን ብቻ በጥላ መከለል ይገባል።

አመዳይ የመታውን ቃጫ ወዲያውኑ መቁረጥ አይገባም፤ የደረቀው ቅጠል እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ ለቀረው ከለላ ይሆናል። ሲቆረጥ ጭማቂው ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት ይደረጋል። መሀል ያለው ያልተፈታ ቅጠል ጠንክሮ ከቆመ ተክሉ ያገግማል። ሲስቡት ከሥሩ ተነቅሎ ከወጣና ከሸተተ እናቲቱ ሞታለች፤ ከሥሯ የበቀሉት ልጆች ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ፣ በሚያዝያ ተነቅለው ቁስላቸው በጥላ ለአንድ ሳምንት ከደረቀ በኋላ ይተከላሉ።