ስፑንብሬድ፦ የአሜሪካ ደቡብ የበቆሎ ምግብና ንጥረ ነገሮቹ

ስፑንብሬድ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በተለይም በቨርጂኒያና በኬንታኪ፣ ከበቆሎ ዱቄት፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከቅቤ ተዘጋጅቶ በምድጃ የሚጋገር ባህላዊ ምግብ ነው። በጣም ለስላሳ በመሆኑ በቢላ አይቆረጥም፤ ከተጋገረበት ዕቃ በማንኪያ እየተጨለፈ ይበላል። በኬንታኪ በርያ ከተማ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1909 የተከፈተው ቡን ታቨርን ሆቴል በዚህ ምግብ ይታወቃል፤ ከተማዋም በየዓመቱ የስፑንብሬድ ፌስቲቫል ታዘጋጃለች።

ሲሠራ ዱቄቱ በሚፈላ ወተት ላይ እየተነሰነሰ ወፍራም ገንፎ እስኪሆን ድረስ ይማሰላል። ሲበርድ አስኳሉ ይጨመርበታል፤ በመጨረሻም አረፋ እስኪያወጣ የተመታው የእንቁላል ነጭ ሳይታሽ በቀስታ ይዋሃደዋል። በነጩ ውስጥ የታመቀው አየር በሙቀት ሲሰፋ ምግቡን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ከምድጃ ከወጣ በኋላ ግን ቶሎ ወደ ታች ስለሚወርድ ትኩሱን መቅረብ አለበት።

ከአመጋገብ አንጻር ዋናው ቁም ነገር ያለው በወተቱና በእንቁላሉ ላይ ነው። 100 ግራም ያልተፈተገ የበቆሎ ዱቄት 360 ካሎሪ ያህል ኃይልና 8 ግራም ገደማ ፕሮቲን ቢሰጥም ፕሮቲኑ ላይሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ያንሱታል፤ በውስጡ ያለው ናያሲን የተባለ ቫይታሚንም ከሌሎች ውህዶች ጋር ስለተሳሰረ አብዛኛው ለሰውነት አይደርስም። የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች በቆሎውን በአመድ ወይም በኖራ ውኃ በመቀቀል ናያሲኑን ያስለቅቁት ነበር፤ በቆሎውን ከእነርሱ የወረሱት ሰፋሪዎች ግን ይህን ዘዴ በአብዛኛው ትተውታል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ወተትና እንቁላል መግዛት ያልቻሉና በበቆሎ ላይ የተንጠለጠሉ የደቡብ ድሆች ፔላግራ በተባለ በሽታ በብዛት ተጠቁ። እ.ኤ.አ. በ1914 ጥናቱን እንዲመራ የተመደበው ሐኪም ጆሴፍ ጎልድበርገር መንሥኤው የምግብ ጉድለት እንጂ ተላላፊ ተውሳክ አለመሆኑን አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ ኮንራድ ኤልቬየም በውሾች ላይ የሚታየውን ተመሳሳይ በሽታ ኒኮቲኒክ አሲድ (ናያሲን) እንደሚፈውሰው አረጋገጠ። ስለዚህ ወተትና እንቁላል የገቡበት ስፑንብሬድ በውኃና በጨው ብቻ ከሚጋገረው የድሆች የበቆሎ ቂጣ እጅግ የተሻለ ገንቢ ነበር ማለት ይቻላል።

ምግቡ የስንዴ ዱቄት ካልተቀላቀለበት ግሉተን ከተባለው የስንዴ ፕሮቲን ነጻ ነው፤ ቅቤውና ጨው ግን የልብ ሕመምና የደም ግፊት ላለባቸው ሰዎች መመጠን አለባቸው። ብዙ የደቡብ ወጥ ቤቶች የሚመርጡት ነጭ በቆሎ በቢጫው ውስጥ የሚገኘው ካሮቲን እምብዛም የለውም። ፅንሱ ያልወጣለት ዱቄት አሰርና ጠቃሚ ዘይት ቢኖረውም ዘይቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል።