ታካሚዎች ለሆስፒታል የሚሰጡት ነጥብ

ሆስፒታልን በታካሚ አስተያየት መዝኖ ደረጃ መስጠት ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። በጣም ከሚታወቁት አንዱ የአሜሪካው ኤችካፕስ የሚባል መጠይቅ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2006 ሲሆን፣ ውጤቱ ለሕዝብ መታየት የጀመረው በመጋቢት 2008 ነው። ከዚያ በፊትም ሆስፒታሎች ታካሚዎቻቸውን ይጠይቁ ነበር። ግን ሁሉም በየራሱ መጠይቅ ስለነበር አንዱን ከሌላው ማወዳደር አይቻልም ነበር።

ቢያንስ አንድ ሌሊት ተኝተው የታከሙ አዋቂዎች በዕጣ ይመረጣሉ። የሚጠየቁት ከወጡ ከ48 ሰዓት በኋላ፣ ቤታቸው ሆነው ነው። የመጠይቁ ትልቁ ብልሃት ጥያቄዎቹ ላይ ነው። «ረክተዋል ወይ?» የሚል ጥያቄ ብዙ አይነግርም። ሰው የሚረካው በጠበቀው ልክ ነውና፤ ትንሽ የጠበቀ በትንሹ ይረካል። ኤችካፕስ ግን «ነርሶች በሚገባዎት መንገድ ያስረዱዎት ምን ያህል ጊዜ ነው?» ይላል። መልሱ «ፈጽሞ»፣ «አንዳንድ ጊዜ»፣ «አብዛኛውን ጊዜ» ወይም «ሁልጊዜ» ነው። ለክፍያ የሚቆጠረው «ሁልጊዜ» የሚለው ብቻ ነው። ከ0 እስከ 10 በሚሰጠው ነጥብም የሚቆጠሩት 9 እና 10 ናቸው። አንዲት እናታችን መርቀው 8 ቢሰጡ ለሆስፒታሉ ምንም አልጠቀሙትም ማለት ነው።

ውጤቱ እንዳለ አይወዳደርም። በጠና የታመመ ሰው ዝቅ ያለ ነጥብ የመስጠት ዝንባሌ አለው። የተማረም እንዲሁ። ስለዚህ ዕድሜ፣ ትምህርትና የጤና ሁኔታ በስሌት ይስተካከላሉ። መጠይቁ ከእንግሊዝኛ ሌላ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በሩሲያኛ፣ በአረብኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ተዘጋጅቷል። አማርኛ የለበትም። በዋሽንግተን አካባቢ የሚታከሙ፣ እንግሊዝኛ የማያነቡ ወላጆቻችን ድምፅ በዚህ ቁጥር ውስጥ በቅጡ አይገባም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩ የከረረው ገንዘብ ሲገባበት ነው። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ ለሆስፒታሎች ከሚከፍለው ትንሽ ድርሻ በዚህ ውጤት ላይ ተመሠረተ። ያን ጊዜ ሐኪሞች አንድ ጥያቄ አሳሰባቸው፦ ሕመምዎን ለማስታገስ የተቻለው ሁሉ ተደርጓል ወይ? ነጥብ ላለማጣት ሲባል ሱስ የሚያስይዙ ማስታገሻዎች በብዛት እንዳይታዘዙ ፈሩ። የሕመም ጥያቄዎቹ መጀመሪያ ከክፍያው ስሌት፣ በ2019 ደግሞ ከመጠይቁ ጭራሽ ወጡ። በ2012 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናትም በሐኪሞቻቸው እጅግ የረኩ ታካሚዎች ብዙ እንደሚያወጡና የሞት መጠናቸውም ከፍ እንደሚል አሳየ። በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ታካሚዎች የወደዷቸው ሆስፒታሎች በሕክምና ጥራትም በመጠኑ የተሻሉ መሆናቸውን አግኝቶ ነበር። እኔ እንደሚገባኝ፣ ቁጥሩ ስለ አክብሮትና ስለ ማስረዳት በደንብ ይናገራል፤ ስለ ቀዶ ሕክምናው ብቃት ግን ብቻውን አይበቃም።

ኢትዮጵያም ከዚህ ሥራ ጋር ትተዋወቃለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ሆስፒታሎችን ለማሻሻል መመሪያ ሲወጣ ለተኝቶና ለተመላላሽ ታካሚዎች አጫጭር መጠይቆች ተዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተቋቋመው የሆስፒታሎች የጥራት ኅብረትም የመጀመሪያ ትኩረቱን የታካሚ እርካታ ላይ አደረገ። በኋላም ጤና ሚኒስቴር «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ትልቅ አጀንዳው አደረገው።

እኛ ጋ ግን ይሉኝታ አለ። ነገ ተመልሶ የሚመጣበትን ሆስፒታል በሠራተኞቹ ፊት የሚያማ ታካሚ ጥቂት ነው። ካርድ ክፍል ረጅም ሰልፍ ጠብቆ፣ መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ ተብሎም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደህና ነው» ይላል። ማንበብ ለማይችል ሰው ጥያቄውን የሚያነብለት የሆስፒታሉ ሠራተኛ ከሆነ መልሱን ማመን ይከብዳል። ጥያቄው ከግቢው ውጭ፣ ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ጋዋን ባልለበሰ ሰው ቢቀርብ ነጥቡ መውረዱ አይቀርም። ለሆስፒታሉ የሚጠቅመውም ያ የወረደው ነጥብ ነው።